ወደ አፋር የሚወርድ የመኪና ፍሪጅ፦ 40 ሊትር ይበቃል? ባትሪውስ ያድራል?

መንገደኛ5፦
ጤና ይስጥልኝ። በታኅሣሥ 5 ሰዎች ሆነን በአንድ ላንድክሩዘር (ባለ 4.2 ናፍጣ፣ 12 ቮልት) ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሰመራ አድርገን አፍዴራ ድረስ እንወርዳለን። ጉዞው 5 ቀን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ቀን መኪናው አንድ ቦታ ቆሞ ይውላል፣ ያድራል። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አየን። አንዱ በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካ፣ «ያቀዘቅዛል፣ ያሞቃል» የሚል ርካሽ ሳጥን ነው። ሌላው ባለ ኮምፕሬሰር 40 ሊትር ሲሆን ዋጋው ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ዋጋውን ያህል ነው? የመኪናው የራሱ ባትሪ ይችለዋል ወይስ ሁለተኛ ያስፈልጋል? አንዳችን ኢንሱሊን ስለምንይዝ በግምት መሄድ አንፈልግም። መኪናው የራሳችን ነው፤ ሽቦ መዘርጋት እንችላለን።

ብርድ_ክፍል፦
ርካሹን ተዉት። ውስጡ ኮምፕሬሰር የለውም፤ ፔልቲየር በሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳህን ነው የሚያቀዘቅዘው። ቢበዛ ከውጭው አየር ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋል። ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ 42 ዲግሪ ከሆነ ወተታችሁ 22 ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው፣ ለእርጎ ካልሆነ አይጠቅምም። የሚፈለገው ቅዝቃዜ ላይ ስለማይደርስም አያርፍም፤ ከ4 እስከ 5 አምፔር ሌት ተቀን እየጠጣ በ24 ሰዓት ወደ 100 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም የሚለካበት ነው) ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። ርካሹ ሳጥን ባትሪ ላይ ውድ ነው።

ባለ ኮምፕሬሰሩ ከቤት ፍሪጅ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው። ሲሠራ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ የተባለው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በጋዝ፣ በባትሪና በ220 የሚሠራ ሦስተኛ ዓይነትም ብታገኙ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፦ በጋዝ ሲሠራ እሳት ያለው ነገር ስለሆነ በሚሄድ መኪና ውስጥ አይነድም፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ በሙቀትም አቅሙ ይወርዳል።

ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። የአየር ጠባይ ደረጃ የሚባል አለ፦ «ኤን» እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ለአፋር «ቲ» ያስፈልጋችኋል፣ ታኅሣሥም ቢሆን። ውጭው 33 ሆኖ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግን 50 ይደርሳል፤ ፍሪጁ የሚያውቀው ያለበትን አየር ነው። 40 ሊትር ለ5 ሰው ለምግብ ይበቃል፣ ለመጠጥ ውሃ ግን አይበቃም። ሁለት ክፍል ያለውን (ግማሹ ፍሪዘር፣ ግማሹ ፍሪጅ) ለ5 ቀን አልመክርም፤ ኃይል ይበላል፣ ሁለቱም ክፍል ይጠብባችኋል።

ዲናሞ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን ፍሪጁ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሰው በረሃ ላይ የሚቸገረው በሽቦና በባትሪ ነው።

ስሌቱን ልሥራላችሁ። 45 ዋት ሆኖ ከሰዓቱ 45 በመቶ ቢሠራ (በዚያ ሙቀት የተለመደ ነው) በቀን 45 × 0.45 × 24 = 486 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ12 ቮልት ወደ 40 አምፔር ሰዓት ነው። ፍሪዘር አድርጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ላይ ብታስቀምጡት ማረፊያ ስለማያገኝ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የመኪናችሁ ባትሪ ከ70 እስከ 90 አምፔር ሰዓት ቢሆን ሁለት ቀን መቆም ማለት 80 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ባትሪ ነው። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ ግማሽ ባትሪ ይበቃኛል አይልም፣ በተለይ ያንን የሚያህል ናፍጣ ሞተር ለማዞር።

ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ። 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም (ፎስፌት የሚባለው፣ 12.8 ቮልት) 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከ80 እስከ 90 በመቶው ስለሚሠራ ሁለት ቀን በደህና ያቆማችኋል። ያው 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ (የተለመደው የመኪና ባትሪ ዓይነት) ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለአንድ ቀን ከትንሽ ትርፍ ጋር ብቻ ቁጠሩት። ሊቲየሙን ኮፈን ሥር አታስቀምጡት፤ የሞተሩን ሙቀት አይወድም። ከኋላ፣ ከመቀመጫ ሥር ይግባ። ከዲናሞው ጋር በቀጥታም አይገናኝ፤ ባዶ ሊቲየም ያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞውን ያቃጥላል። በመካከል ከ20 እስከ 30 አምፔር ብቻ እየመጠነ የሚሰጥ፣ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚባል ቻርጀር ይግባ። 30 አምፔሩ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሰመራ ያለው መንገድ ባትሪውን ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው።

ኢንቨርተር ገዝታችሁ ፍሪጁን በ220 ስፒናው ለማስነሳት አትሞክሩ። 12ን ወደ 220፣ 220ን እንደገና ወደ 12 መለወጥ ነው፤ በሁለቱም በኩል ኃይል ይባክናል። 220ው የሆቴል ነው።

አሁን ከባትሪ ወደ ፍሪጁ የሚሄደው ሽቦ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ያለው የፋብሪካ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍ ወደ 0.57 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ግን 0.14 ብቻ። 0.57 ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ፍሪጁ ባትሪውን የሚለካው በራሱ ጫፍ ነው፤ ባትሪው 12.2 ሳለ እሱ 11.6 ያያል፣ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ 6 ካሬ፣ ከባትሪው በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 15 አምፔር ፊውዝ፣ ጫፉ ላይ አንደርሰን የሚባለው ጠንካራ ማያያዣ፣ ባለ 50 አምፔሩ። ፒስታ ላይ የሲጋራ መለኮሻ ስፒና እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፤ ሳይወጣም ይላላና ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ።

ዳገት_ቁልቁለት፦
ለ5 ቀን ጉዞ ይህን ሁሉ መግዛት ብክነት ነው። የፍሪጁን ባትሪ መከላከያ «ከፍተኛ» ላይ አድርጉ፤ ሞተሪኖው የሚፈልገውን ሳይነካ ራሱ ይዘጋል። በቆማችሁበት ቀን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት ሞተር አስነሱ። አለቀ።

ዲናሞ፦
@ዳገት_ቁልቁለት መከላከያው ላይ እስማማለሁ፤ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ሰው «ከፍተኛ» ላይ ማድረግ ግዴታው ነው። ግን ቁጥሩ በየምርቱ ይለያያል፦ አንዱ 11.8 ቮልት ላይ ይዘጋል፣ ሌላው እስከ 11.1 ይወርዳል። ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 11.8 ላይ ሲደርስ ሊያልቅ ተቃርቧል። 11.1ኛው ባትሪውን ከለላ አልሰጠውም። መጀመሪያ መመሪያውን ማየት ነው።

ሞተር ማስነሳቱም እንደታሰበው አይደለም። የእርሳስ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይቀበላል፣ ሲሞላ ግን እየተግደረደረ ነው የሚቀበለው፤ በሁለት ሰዓት ስራ ፈት ሞተር የቀኑን 40 አምፔር ሰዓት በሙሉ መልሶ ማግኘት አይጠበቅም። ናፍጣውም አፍዴራ ላይ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ ባትሪ ካልፈለጋችሁ ከዚያ የሚሻለው 100 ዋት የፀሐይ ፓኔል ነው፦ በዚያ ፀሐይ በቀን 400 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፣ ከ486ቱ ብዙውን ይሸፍናል። ጣሪያው ላይ ካለው ዕቃ መጫኛ (ፖርቶመጋላ) ላይ ከማሰር ግን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ከፀሐዩ ጋር ብታዞሩት ይሻላል፤ መኪናውን ጥላ ሥር፣ ፓኔሉን ፀሐይ ላይ።

መንገደኛ5፦
እናመሰግናለን፣ ሊቲየሙን ወስነናል። ስለ አስተሻሸጉስ? ኢንሱሊኑና ሥጋው አንድ ሳጥን ውስጥ ይሆናሉ?

ጓዳ፦
ይሆናሉ፣ ቦታቸው እስከተለየ ድረስ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። የነዚህ ፍሪጆች ግድግዳ ደግሞ ራሱ ማቀዝቀዣው ነው፤ ማሳያው 4 ቢልም ግድግዳውን የነካ ነገር በረዶ ይሠራል። ኢንሱሊኑን ክዳን ባለው ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ከላይ መካከል ላይ አድርጉ። ፍሪጁን 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ አስተካክሉት። ማሳያው የሚያሳየው የግድግዳውን መለኪያ ስለሆነ ሌላ ርካሽ ቴርሞሜትር ኢንሱሊኑ ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ የምታምኑት እሱን ነው።

ፍሪጁን በባዶ ሆድ መንገድ አታስጀምሩት። ከመነሳታችሁ 24 ሰዓት በፊት ቤት በ220 ሰክታችሁ አቀዝቅዙት፤ የሚገባውም ነገር ሁሉ የቀዘቀዘ ይሁን። 1 ሊትር ውሃ ከ35 ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 35 ዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት መውጣት አለበት። 10 ሊትር የሞቀ ውሃ ብትጨምሩበት ኮምፕሬሰሩ ለብዙ ሰዓት ያለ እረፍት ይሠራል፣ ሥጋውም እስከዚያ ይሞቃል። ስለዚህ ውሃውን 5፣ 6 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ እያደረጋችሁ አዙሩ፣ ከ2 ጠርሙስ በላይ በአንድ ጊዜ አታስገቡ። ቀሪውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ማንጠልጠል ነው። የአፋር አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል፣ ባትሪም አይጠይቅም።

ወጡን ቤት ሠርታችሁ በላስቲክ ከረጢት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙት፤ እንደ ደብተር ይደረደራል፣ ለመጀመሪያ ቀናት በረዶም ይሆናችኋል። መጨረሻ የሚበላው ከታች። ሥጋው ኢንሱሊኑ አጠገብ እንዳይደርስ። የተነጠረ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ድልህ ቦታ አይውሰዱባችሁ፣ ውጭ ያድራሉ። ታኅሣሥ እስከ 29 ጾመ ነቢያት ነው፤ ከ5ታችሁ ጿሚዎች ካሉ ሥጋው ይቀንሳል፣ አትክልትና ሽሮ ደግሞ ያን ያህል ቅዝቃዜ አይጠይቁም። ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙሉት፤ አየር ካልዞረ ከታች በረዶ፣ ከላይ ሙቅ ይሆናል።

ብርድ_ክፍል፦
ኢኮ (ቁጠባ) እና ማክስ (ሙሉ ኃይል) የሚል ቁልፍ ያለው ከሆነ፦ ሞተሩ ሲሠራ ማክስ፣ ማታ ኢኮ። አንዳንዶች ቀን ወደ 1 ዲግሪ አውርደው ቅዝቃዜ «ያጠራቅማሉ»፤ ኢንሱሊን ላለው አይሞከርም።

አቀማመጡ፦ ማስተንፈሻው ባለበት በኩል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት። ሙቀት መከላከያ ሽፋን ካለው ማስተንፈሻውን አይሸፍን። ኋላ ላይ ብርድ ልብስና ሻንጣ ሲከመርበት ነው አብዛኛው ፍሪጅ የሚሞተው። በ4 ብሎን ወይም በማሰሪያ ይጠበቅ፤ ባዶው ብቻ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ በድንገተኛ ፍሬን ሰው ላይ ይመጣል። በተንጋደደ መሬት እስከ 30 ዲግሪ ይሠራል። በጎኑ ተጭኖ ወይም ተገልብጦ ከነበረ ግን ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ እስኪመለስ ጥቂት ሰዓት ቀጥ አድርጋችሁ አቆዩት፣ ከዚያ አስነሱ።

ሲበላሽ፦ የሴኮፕ (ድሮ ዳንፎስ የሚባለው) ኮምፕሬሰር ያለው ከሆነ መቆጣጠሪያው ላይ የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ መብራት አለ። አንዴ ብቻ ብልጭ ካለ ቮልቴጁ ወርዷል፤ ወደ ባትሪ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ማያያዣውና ፊውዙ ሂዱ። ሁለቴ ከሆነ ማራገቢያው ብዙ እየሳበ ነው፣ ባብዛኛው አቧራ ወይም የገባበት ላስቲክ። ሦስቴ ኮምፕሬሰሩ መነሳት አልቻለም፤ አጥፉት፣ ትንሽ አሳርፉት፣ ሽቦውን አይታችሁ እንደገና ሞክሩ። አምስቴ መቆጣጠሪያው ራሱ ሞቋል፤ በር ክፈቱ፣ ጥላ ስጡት። ሌላ ኮምፕሬሰር ከሆነ ኮዱ ይለያል፣ የመመሪያውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ እዚያ ኔትወርክ አትጠብቁ።

ሳይጠፋ እየሠራ ነገር ግን ካልቀዘቀዘ፣ የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቋል የሚለው ጥርጣሬ የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ ማስተንፈሻውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ የክዳኑን ጎማ ፈትሹ፦ ወረቀት አስገብታችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡ፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አይዘጋም፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ጎማው ላይ የተቀመጠ አሸዋ ነው።