የልዩ ኢፌክት ዶክመንተሪ ያለባቸው ሌዘርዲስኮች፦ በምን ልቅዳቸው?

ናሆም_ፊልም፦
ስለ ፊልም ልዩ ኢፌክት አሠራር የሚያሳዩ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ የአሜሪካ ሌዘርዲስኮች (በሌዘር የሚነበቡ ትልልቅ የፊልም ዲስኮች) አሉኝ፤ ሁሉም ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት) ናቸው። በኤስ-ቪዲዮ ገመድ ወደ ዩኤስቢ መቅጃ ላስገባቸው አስቤያለሁ። ይበቃል? አንዱ ዲስክ ሲጫወት በቀለም የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ ያሳያል፣ ቢጠረግም አይለቅም። የሞዴልና የስቶሪቦርድ ፎቶዎቹ ደግሞ ስቀዳቸው ብልጭ ብለው ያልፋሉ።

ሲግናል_ቤት፦
መጀመሪያ በሌላ መልክ መውጣታቸውን አጣራ። ለምሳሌ ከ«ዘ ፍራይትነርስ» ሌዘርዲስክ ጋር የወጣው ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ዶክመንተሪ እ.ኤ.አ. በ2005 በዲቪዲ ወጥቷል። ለእንዲህ ያለው መድከም የለብህም።

ለቀሩት ኤስ-ቪዲዮውን ተወው። የሌዘርዲስክ ሥዕል አናሎግ ነው፤ ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ኮምፖዚት ሲግናል ተቀላቅለው ነው የተቀረጹት። በኤስ-ቪዲዮ ስታወጣው የሚለያቸው የማጫወቻው የራሱ ኮምብ ፊልተር ነው፣ እሱም በብዙዎቹ ማጫወቻዎች ደካማ ነው። ለማየት ያህል ከሆነ በኮምፖዚት አውጣውና ጥሩ ፊልተር ያለው መቅጃ ይለየው።

ለማቆየት ከሆነ ግን ሌዘሩ ያነበበውን ጥሬ ሲግናል ውሰድ። ለዚህ ዶምስዴይ ዱፕሊኬተር የሚባል፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰሌዳ አለ። ማጫወቻው ይከፈትና ከአርኤፍ መፈተሻ ነጥቡ (ጥሬው ሲግናል ከሚገኝበት) ላይ ገመድ ይበየዳል። ሰሌዳው በሰከንድ 40 ሚሊዮን ናሙና፣ እያንዳንዱን በ10 ቢት፣ በዩኤስቢ 3 ይልካል። ሒሳቡ በሰከንድ 50 ሜጋባይት ነው፦ የ30 ደቂቃ ገጽ 90 ጊጋባይት፣ የ60 ደቂቃው 180 ይሆናል። ሃርድ ዲስክህ ካልደረሰበት ናሙና ይዘላል፤ ያ ገጽ ከመጀመሪያው ይደገማል። ከዚያ ኤልዲ-ዲኮድ በተባለው ሶፍትዌር ወደ ሥዕልና ድምፅ ይፈታል። ቀርፋፋ ነው፣ ሌሊቱን ተወው። ጥሬውን ፋይል ግን እንዳታጠፋ! በፍላክ (ምንም ሳያጎድል በሚጨምቅ ፎርማት) ጨምቀህ አስቀምጠው፤ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ዲስኩን ሳትነካ እንደገና ትፈታዋለህ።

ሌላው ጥቅም ድምፁ ነው። ብዙ ዲስክ በአናሎግ ትራኩ ላይ ከዲጂታሉ የተለየ ማብራሪያ ይይዛል። በሌዘርዲስክ ላይ ማብራሪያ የመጨመርን ልማድ የጀመረው ክራይቴሪዮን የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው «ኪንግ ኮንግ» ነው። ከጥሬው ሲግናል ሁለቱም ይወጣሉ፤ በገመድ ስትቀዳ ግን አንዱን መርሳት ቀላል ነው።

ማጫወቻህ ከጃፓን ከሆነ 100 ቮልት ነው። አዲስ አበባ ላይ ትራንስፎርመር ሳይኖረው እንዳትሰካው።

ቆጣቢዋ፦
ስለ ነጠብጣቡ። ዲስኩ ሁለት የአክሪሊክ ሳህኖች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ አሉሚኒየሙ በመካከል ነው። ሙጫው ሲደክም ወይም መጀመሪያውኑ መጥፎ ሲሆን አሉሚኒየሙ ኦክሳይድ ይሆናል። መድኃኒት የለውም፣ ማጽዳትም አይነካውም። ግን ጭረት አለመሆኑን ለይ፦ በሲኤቪ (በቋሚ ፍጥነት በሚሽከረከር) ዲስክ አንድ ዙር አንድ ፍሬም ስለሆነ ጭረት ከፍሬም ፍሬም በሥዕሉ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ብልሽቱ ግን በሥዕሉ ላይ ሁሉ ይበተናል፣ ብዙ ጊዜም አንደኛው ገጽ ከሌላው ይብሳል። ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ተመልከት።

ዶክመንተሪው ብርቅ ከሆነ የዚያኑ እትም ሌሎች ሁለት ዲስኮች ፈልግ። ከሦስቱ ቀረጻ የተፈታውን ሥዕል የሚደራርብ መሣሪያ ከኤልዲ-ዲኮድ ጋር አብሮ አለ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ መካከለኛውን ዋጋ ስለሚወስድ አንዱ ላይ የተበላሸውን ሌሎቹ ይሞሉታል።

ሲጠረግ በተጣራ ውሃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሁን። አሴቶንና የመስኮት ማጽጃ አክሪሊኩን ያደበዝዙታል። ማስቀመጫው ቁም ይሁን፤ ተደራርቦ የተኛ ዲስክ ይጣመማል።

ፍሬም_17፦
ፎቶዎቹ ብልጭ የሚሉት እያንዳንዱ አንድ ፍሬም ብቻ ስለሆነ ነው፤ አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ። የሲኤቪ ገጽ እስከ 54,000 ፍሬም ይይዛል። ማጫወቻው የሚቆመው በዲስኩ በተቀረጸ የማቆሚያ ኮድ ነው። ጥሬ ሲግናል ስትቀዳ ግን መቆሙ ቀረጻውን ስለሚያበላሽ የማቆሚያ ኮዱን ከመቅጃ ሶፍትዌሩ አጥፋው። ይህን ለማድረግ በሲሪያል ወደብ ከኮምፒውተር የሚታዘዝ ማጫወቻ ያስፈልጋል፤ ፓዮኒር ኤልዲ-ቪ4300ዲ ይሆናል፣ ፓልንም (የአውሮፓውን የቴሌቪዥን ሥርዓት) ያነባል።

ከፈታህ በኋላ የፍሬሙ ቁጥር ከሥዕሉ በላይ ባሉት የማይታዩ መስመሮች ላይ ስላለ ፎቶዎቹን በቁጥራቸው ሰይመህ በፒኤንጂ አውጣ። ዲኢንተርሌስ (ተጠላልፈው የተቀረጹትን መስመሮች በሶፍትዌር ማስተካከል) አታድርግ! ሁለቱ ፊልዶች (የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር መስመሮች) የአንድ ፎቶ ግማሾች ናቸው፤ ዲኢንተርሌስ ካደረግክ ከቁመቱ ዝርዝር ግማሹ ይጠፋል።