ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ለሾርባ የሚሆን ዓሣና ቢጫ ያልሆነ ብሮኮሊ የት ይገዛል?

የፔዳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቀለል ያለ የዓሣ ሾርባና ብሮኮሊ ያለው ፓስታ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ልሠራ አስቤአለሁ። ለአራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ለሾርባው ሙሉ ዓሣ ከሐይቁ ዳር ልግዛ ወይስ ከሱፐርማርኬት ፊሌቶ? ብሮኮሊስ ቢጫ ያልሆነ የት አገኛለሁ? ፓስታው የአገር ውስጡ ይሻላል ወይስ ከጣሊያን የሚመጣው? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጣና ዳር
ለሾርባ ከሆነ ሙሉ ዓሣ ግዢ እህቴ። ፊሌቶ ለጉላሽና ለኮተሌት ነው፤ የሾርባው ጣዕም ያለው ጭንቅላቱና አከርካሪው ላይ ነው። ዋጋ ስታወዳድሪ አንድ ነገር አትርሺ፦ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ከሙሉው የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ያህል ነው። 3 ኪሎ ዓሣ ወደ 1 ኪሎ ፊሌቶ ይሰጣል። ስለዚህ የሙሉውን የኪሎ ዋጋ በ3 አባዝተሽ ከፊሌቶው ጋር አስተያዪው፤ ተቀራራቢ ከሆነ ጭንቅላትና አጥንቱ በነፃ ተረፈሽ ማለት ነው።
በጠዋት ሂጂ። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ደም የመሰለ፣ በጣት ስትጫኚው ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ውሰጂ። ዓይኑ የሰረጎደ፣ ስንጥቡ ወደ ቡናማ የዞረ ከሆነ በቅናሽም ቢሰጡሽ እንዳትወስጂ።

አባይ ማዶ
ሐይቁ ዳር ደንበኛዬ የሆነች እናት አለች፤ እሷ ጋ ሂጂ። ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ሆዱን አጽድታ፣ ጭንቅላቱን ለብቻ አድርጋ ትሰጥሻለች። ሌላ ቦታ መዞር አያስፈልግም።

ሰባታሚት
ከሱፐርማርኬት ፊሌቶ እንዳትገዙ! ከአንድ ትልቅ መደብር የገዛሁት 2 ኪሎ ሲቀልጥ ግማሽ ሊትር የሚሆን ውሃ ወጣው፤ ድስት ሲገባ ደግሞ እንደ ገንፎ ተበታተነ። ልመልስ ብል «ከማቀዝቀዣ የወጣ ዕቃ አይመለስም» አሉኝ።

ምጥን
የትኛው መደብር ነው? ስሙን ንገረንና እንጠንቀቅ እንጂ።

ሰባታሚት
ስም አልጠራም። ሁሉም ጋ ተመልከቱ ነው የምለው።

ዘጌ
ስሙ ባይጠራም ምክንያቱ ይታወቃል፤ ዓሣው ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ይለሰልሳል፣ መብራት ሲመለስ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚሠራው የበረዶ ቅንጣት ትልቅ ስለሆነ ሥጋውን ከውስጥ ይቀዳድደዋል፤ ስለዚህ ሲቀልጥ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል።
ሳትገዙ በፊት ከውጭ ይታወቃል። ፌስታሉ ውስጥ እንደ ጥጥ የነጣ በረዶ ከተከማቸ፣ ፊሌቶዎቹ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ከሆኑ፣ ወይም አንዱ ጥግ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ከረጋ ተዉት። ጫፉ ወደ ቢጫ የሄደውም እንደዚያው። ደኅናው ፊሌቶ አንድ በአንድ የተለያየ፣ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ የቀዘቀዘ ነው። ስታቀልጡትም ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት፣ ከቸኮላችሁ በፌስታል አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 1 ሰዓት ያህል።

አባይ ማዶ
ለዚህ ነው እኮ እኔ ደንበኛዬ ጋ ሂዱ የምለው። እሷ ጋ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም፤ የዕለቱ ዓሣ ነው።

ጣና ዳር
በረዶ ላይ ነው የምታስቀምጠው?

አባይ ማዶ
በረዶ ምን ያደርግላታል? ትኩስ ነው አልኩ።

ሰባታሚት
እንግዲህ የርስዎን ደንበኛ ዓሣ ፀሐዩም ይፈራዋል ማለት ነው። ጠዋትም ትኩስ፣ እኩለ ቀንም ትኩስ፣ ማታም ትኩስ።

ጣና ዳር
ተዉ፣ አንጣላ። ጠዋት የተያዘ ዓሣ በባሕር ዳር ሙቀት ያለ በረዶ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው። የአባይ ማዶ ደንበኛ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፤ ግን ገዢው ከረፈደ ከሄደ ጉብዝናዋ ዓሣውን አያድነውም። የጀልባው ዓሣም የመደብሩም የሚለየው በሰዓቱና በቅዝቃዜው ነው። ከዓሣው ክብደት ጋር እኩል በረዶ ብታደርጉበት ቤት እስክትደርሱ ምንም አይሆንም።

የማርቆስ ልጅ
እኛ ደብረ ማርቆስ ያለነውስ? ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ማምጣት ይቻላል?

ዘጌ
ይቻላል። ሆዱ የተጸዳ፣ ስንጥቡ የወጣ ይሁን፤ ቶሎ የሚበላሹት እነሱ ናቸው። የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ከሦስት ሩብ አይበልጥ ሞልታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፣ ያለዚያ ይሰነጠቃሉ። ዓሣውን በፌስታል አስራችሁ ከላይም ከታችም ጠርሙስ አድርጉበት፣ ካርቶኑን በጋዜጣ ሸፍኑት። ውሃው ከዓሣው ጋር እንዳይነካካ፤ በቀለጠ በረዶ ውስጥ የሚዋኝ ፊሌቶ ጣዕሙ ይታጠባል።

ዓሣ ወዳድ
ስለ ዓሣ ከተነሣ አምባዛ የሚያህል የለም። ሾርባው ወፍራም ነው፣ እሾሁም ትልልቅ ስለሆነ ለልጅ አያስፈራም። ቆሮሶ ቀጭን ውሃ ነው የሚሆነው።

ምጥን
አምባዛ ጭቃ ጭቃ ይላል ብሎ የሚሸሸው ሰው ብዙ ነው፤ ጥፋቱ ግን ያዘጋጀው ሰው ነው። ቅርፊት ስለሌለው ዝልግልጉን በደረቅ ጨው እያሹ ማጠብ፣ ከዚያ ቆዳውን መግፈፍ፣ ከሥጋው ጎን ያለውን ቀይና ቢጫ ስብ በቢላ ማንሣት ያስፈልጋል። የጭቃው ጣዕም በብዛት የሚቀመጠው ስቡ ላይ ነው። ከዚያ የ2 ሎሚ ጭማቂና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው በገባበት ውሃ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ኮምጣጣ ነገር ያንን ጣዕም ይሰብረዋል። «ነጭ ዓሣ» የሚባለውን ዓይነት ግን ለልጆች አልመክርም። ሥጋው ውስጥ ሹካ የመሰሉ ቀጫጭን እሾሆች አሉት፤ በእጅ ለቅመሽ አትጨርሺውም።

የፔዳዋ፣ ሾርባውን ስላልጠየቅሽን ሁሉም ገበያ ላይ ቀረ። ለአራት ሰው እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ 2 ቆሮሶ። ፊሌቶውን አውጪና ለብቻ አስቀምጪ። ከጭንቅላቱ ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ አውጪ፣ አከርካሪው ሥር ያለውን የረጋ ደም በጣት እየፈተግሽ እጠቢ። 1 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አጥንቱን፣ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ጨምሪ። ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሺ፣ አረፋውን ግፈፊ፣ ከዚያ ሳታማስዪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። የበሬ አጥንት አይደለም፤ ብዙ በቆየ ቁጥር ይመርራል እንጂ አይጣፍጥም። ሲንተከተክ ከተተወ ደግሞ ይደፈርሳል። በጠባብ ወንፊት ሁለቴ አጥልዪው፤ ልጆች ስላሉ ሁለተኛውን አትዝለዪ።
በሌላ ድስት በ2 ማንኪያ ዘይት አንድ ሽንኩርት አቁላልተሽ አንድ ካሮትና 2 ድንች በትንንሹ ከትፈሽ ጨምሪ፣ መረቁን ድፊበት። ቲማቲሙን ድንቹ ሊበስል ሲል ነው የምትጨምሪው፤ ቀድመሽ ከጨመርሽው ኮምጣጣነቱ ድንቹን ያጠነክረዋል። በመጨረሻ ፊሌቶውን በጣትሽ ዳብሰሽ እሾህ እንደሌለው አይተሽ በትልልቁ ቆርጠሽ ጨምሪ፣ በዝቅተኛ እሳት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ አውጪ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሎሚ ከወረደ በኋላ። ጤና አዳም ከወደድሽ አንድ ቅንጣቢ ለ2 ደቂቃ ነክረሽ አውጪው፤ ከተረሳ ሾርባውን ይወስደዋል።

ቀበሌ 14
በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? እዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ያወራል።

ጣና ዳር
ወንድሜ ይህን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እዚህ የተጠየቀው የት ይገዛል ነው።

ቀበሌ 14
እሺ፣ ግን ፓስታውስ ያለ አይብ ምን ይጣፍጣል ብዬ ነው።

ከቲማቲም ተራ
የጾሙ እንዲያውም ይበልጣል። በደቡብ ጣሊያን አይብ ሲጠፋ የሚያደርጉት የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በዘይት ጠብሶ ከላይ መነስነስ ነው። የአንድ ዳቦ ግማሽ በ1 ማንኪያ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ጠብሱት፤ ሲበላ ኩርሽም ኩርሽም ይላል።
ስለ ብሮኮሊ፦ ቅዳሜ ገበያ «አበባ ጎመን» ብለሽ ከጠየቅሽ ነጩን ነው የሚሰጡሽ፤ ብሮኮሊ በይ። ቡቃያው ጥብቅ ብሎ የተዘጋ፣ ግንዱ ሲቆረጥ እርጥብ የሆነ ይሁን። ከተቆረጠ በኋላም መተንፈሱን ስለማያቆም ሙቀት ላይ በ2 እና 3 ቀን ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ «የት» ብቻ ሳይሆን «መቼ ገባ» ብለሽ ጠይቂ። መደብሩ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው አትግዢ፤ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ብቻ። ቤት ስትገቢ ጨው ባለው ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ትል ካለ ይወጣል።

የማርቆስ ልጅ
ማርቆስ ብሮኮሊ ባጣ ጊዜ በምን ልተካው?

ከቲማቲም ተራ
በጎመን ዘር። ይህን ስል ለማለት ያህል አይደለም። ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ወገንና ብሮኮሊ ከሚመደብበት የጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ ተክል ነው፤ የብሮኮሊ ግማሽ ዘመድ ነው። ለአበባ የተዘጋጀውን ለጋ ጫፍ ከነቅጠሉ ቆርጠሽ ተጠቀሚ፤ ትንሽ መረር፣ ትንሽ ሰነፍጥ ይላል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይሄዳል። ለዚህ ምግብ እኔ ከብሮኮሊ አስበልጠዋለሁ፤ በዚያ ላይ ጎጃም ውስጥ የትም አለ።
ለአራት ሰው 400 ግራም ፓስታ፣ 4 ሊትር ውሃ፣ 40 ግራም ጨው። ከሰል የሚቆጥብ ሰው በ3 ሊትር ይሥራው፤ የመጀመሪያውን 2 ደቂቃ ካላቋረጠ ማማሰል አይጣበቅም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ማርቆስ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ 8 ደቂቃ ያለው 10 ወይም 11 ይፈልጋል። በሰዓት አትመኑ፣ ቅመሱ። ሊበስል 4 ደቂቃ ሲቀረው ብሮኮሊውን እዚያው ድስት ጨምሩ፤ ግንዱንም ልጣጩን አንሥታችሁ በስሱ ቆርጣችሁ። 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በ6 ማንኪያ ዘይት በዝቅተኛ እሳት ወርቅማ እስኪሆን ብቻ፤ ከጠቆረ ሁሉንም ያመርረዋል። ከፓስታው ውሃ አንድ ብርጭቆ አስቀሩና ሁሉንም መጥበሻው ላይ 1 ደቂቃ አዋሕዱት። ሎሚ ገበታ ላይ፤ እሳት ላይ ከገባ ብሮኮሊው ይደበዝዛል።

አባይ ማዶ
ፓስታውን የአገር ውስጡን። ያደግንበት ነው፣ ምንም አይወጣለትም።

ዘጌ
የአገር ውስጥም የውጭም ደኅናና ደካማ አለው። ካርቶኑ ላይ «ዱረም» የሚል ፈልጉ፤ ጠንካራ ስንዴ ነው፣ ቅርጹን ይይዛል። ለዳቦ በሚሆነው ስንዴ የተሠራው ውሃውን እንደ ወተት ያነጣዋል፣ ትንሽ ካለፈም ይላላል። ለብሮኮሊ መኮሮኒ ወይም ጠመዝማዛው ይሻላል፤ ቁርጥራጩን ይይዘዋል።

የፔዳዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሾርባውን ሠራሁት፣ ግን ትንሽ መረረ። ምን ይሆን?

ምጥን
ሐሞቱ ፈንድቶ ነው፣ ወይም ስንጥብ ቀርቷል፣ ወይም ከ25 ደቂቃ አልፏል። ሐሞት የነካው ሥጋ አረንጓዴ ቢጫ ምልክት ይኖረዋል፤ ያን ቦታ ቆርጠሽ ጣዪው፣ ታጥቦ አይለቅም። ሆዱን ስትከፍቺ ቢላውን ሽቅብ አድርገሽ ቆዳውን ብቻ ቁረጪ።

አባይ ማዶ
ከየት ነው የገዛሽው? ደንበኛዬ ጋ ቢሆን ሐሞቱን አታፈነዳም ነበር።

ሰባታሚት
የፔዳዋ፣ ፊሌቶ ነው ወይስ ሙሉ? ከመደብር ነው?

የማርቆስ ልጅ
የብሮኮሊ ዘርስ ጓሮ ይሆናል? እኛ ጋ ብርድ ነው።

ከቲማቲም ተራ
ብርዱ ይስማማዋል። ችግኙን 4 እና 5 ሳምንት አቆይተሽ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት አዛውሪው፤ ከተዛወረ ወደ 2 ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ዋናውን ራስ ከቆረጥሽ በኋላ ግንዱን አትንቀዪው፣ ከጎን ትንንሽ ያወጣል።