ስፌት መኪና፣ ፍራሽና እናቴን በአንድ ኮሮላ ከድሬ ሐረር እንዴት ላድርስ?

የከዚራዋ
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ቅዳሜ እህቴን ሐረር ላስገባት ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አጠገብ የምትሠራበት ቦታ አግኝታለች። ዕቃዋ ስፌት መኪና ከነብረት እግሩ፣ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ፣ 25 ኪሎ ሩዝና የጋዝ ሲሊንደር ነው። ለአይሱዙ ያንሳል፣ ለእኔ አሮጌ ኮሮላ ይበዛል። እኛም አራት ነን፦ እኔ፣ እህቴ፣ እናታችንና የአምስት ዓመት ልጄ።

የምፈራው ወድጄ አይደለም። ባለፈው ከሐረር ስመለስ አክስቴ የሰጠችኝን የእንጨት ሙቀጫ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ መስታወቱ ሥር አስቀምጬው ነበር። ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ፍየሎች ገቡብኝና ፍሬን ያዝኩ። ሙቀጫው በልጄ ጆሮ አጠገብ አልፎ ቴፑን ሰበረው። ቴፑ ይቅር። ልጁ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቢሆንስ?

የገንደ ቆሬ ልጅ
አቦ አታካብጂው! ፍራሹን ጣራ ላይ ጣይው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በመስኮት እጁን አውጥቶ ይያዘው። ሐረር እኮ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ናት።

የድሮ ሹፌር
አንተ ልጅ፣ ሰው አታስፈጅ። በዚህ መንገድ ሚኒባስ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። በእጅ የተያዘ ፍራሽ ንፋስ ከሥሩ ሲገባ እንደ ሸራ ይነፋል። እጅ አይችለውም። ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጄ፣ ስፖንጅ ከሆነ ጥሩ ነው። አጥብቀሽ ጠቅልዪውና በሸራ ሸፍኚው። ፖርቶ መጋላ (ጣራ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ) ካለሽ በወርድ ሁለት ቦታ እሰሪው። ከዚያ የፊቱን ጫፍ ከፓራውልቱ ሥር ካለው የመጎተቻ ቀለበት ጋር አያይዢው፣ የኋላውንም እንደዚሁ። ብዙ ሰው የፊቱን ይረሳል፣ ንፋስ የሚገባው ግን በእሱ በኩል ነው። ፖርቶ መጋላ ከሌለሽ በሮቹን ከፍተሽ ገመዱን በውስጥ አሳልፊውና በሮቹን ዝጊ። በመስኮት ካሳለፍሽው በሮቹ አይከፈቱልሽም። ሲባጎ የሚባል ነገር እንዳታስቢ።

ስፖንጅ እየተጨመቀ ሲሄድ ገመዱ ይላላል። ስለዚህ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቁሚና በእጅሽ ሳቢው። ደንገጎ ጫፍ ስትደርሺም ድገሚው። አወዳይ ላይ እቆማለሁ ካልሽ በገበያው ግርግር መሃል ቦታ አታገኚም።

የሳቢያን መምህር
ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ስለ ሩዙ ልናገር። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢጋጭ፣ ውስጡ ያለው ያልታሰረ ዕቃ በዚያው ፍጥነት ወደፊት ይቀጥላል። ያ ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ነው። ሦስተኛ ፎቅ በይው። (ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይከራከሩኛል፤ ኪሎው ቢለያይም ከፍታው ያው ነው።) እናትሽ ከታች ቆመው 25 ኪሎ ሩዝ ከሦስተኛ ፎቅ ይለቀቅ ትያለሽ?

ስለዚህ ከባዱ ሁሉ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ። የስፌት መኪናውን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ፍቱት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። የብረት እግሩም ተፈታቶ ጠፍጣፋ ይተኛ። የቀረውን ክፍተት ሩዙና ልብሱ ይሙሉት። መንሸራተቻ ቦታ ያገኘ ዕቃ ተንደርድሮ ነው የሚመታው። መስታወቱ ሥር ሚስማርም አታስቀምጪ። ሰው ያልተቀመጠበት የኋላ ወንበር ካለ ቀበቶውን እሰሪው፣ የወንበሩን ጀርባ ይደግፋል።

የጀጎሏ
ሲሊንደሩን ከልጅ ጋር አትጫኚ እህቴ! ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ከሾለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። የኮሮላ የኋላ ኮፈን ደግሞ ከሰው መቀመጫው ሙሉ በሙሉ የተለየ አይደለም። በዚያ ላይ የድሬ ፀሐይ! «ባዶ ነው» የሚሉትም ውስጡ ትራፊ ጋዝ አለው። ክፍት መኪና ላይ፣ ቆሞ፣ ታስሮ፣ መዝጊያው ጠብቆ ይሂድ።

የድሮ ሹፌር
ልክ ብላለች። ጎሚስታ ጋም ጎራ በዪ። የሙሉ ጭነት ንፋስ ስንት እንደሆነ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ኋላው ሲከብድ የፊት መብራትሽ ወደ ላይ ያያል፣ ስለዚህ በቀን ሂጂ። ስትመለሺ ባዶ ብትሆኚም ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛሽ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም።

የከዚራዋ (እሁድ)
ደርሰናል፣ ተመስገን። ሲሊንደሩ በጎረቤት አይሱዙ ሄደ። ጋሼ እንዳሉት ዳገቱ ሥር ቆሜ ገመዱን ስስበው ሁለት ጣት የሚያስገባ ላልቷል። እናቴ ፔርሙዟን ጭኔ ላይ ካልያዝኩ ብላ ተጣልተን ነበር፣ በመጨረሻ እግሯ ሥር ገባ። አሁንም አኩርፋለች።

አንድ ችግር ግን አለ። የብረት እግሩን ብሎኖች በፌስታል አድርጌ ከዚራ ጠረጴዛ ላይ ረስቻቸዋለሁ። ነገ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው አለ?

የገንደ ቆሬ ልጅ
እኔ እወጣለሁ አቦ። በእጄ እይዛቸዋለሁ።