ጽሕፈት ቤቱና ሥልጠና ማዕከሉ፦ የሁለት ዶሜይን የጋራ አጠቃቀም የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበው ሐሳብ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በያዙት የይለፍ ቃል የማዕከሉን ፋይል ሰርቨር እንዲከፍቱ ነው። ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው አክቲቭ ዳይሬክተሪ (አካውንቶችንና ኮምፒውተሮችን ዶሜይን በሚባል ክልል የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሲስተም) ፎረስት፣ ማለትም የዶሜይኖች ስብስብ፣ አላቸው፤ አንድ ኮምፒውተር ደግሞ የሁለት ዶሜይን አባል አይሆንም።

የድጋፍ ክፍል፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በማዕከሉ ሁለተኛ አካውንት ብንከፍትስ? ቶሎ ያልቃል።

የሲስተም አስተዳዳሪ፦ ያልቃል እህቴ፣ ግን ሰው ሥራ ሲለቅ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍቱን ይቀራል። የኔ ሐሳብ ባለ አንድ አቅጣጫ የፎረስት ትረስት ነው፤ ማለትም አንዱ ፎረስት የሌላውን አካውንቶች አምኖ እንዲቀበል ማድረግ። አቅጣጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አማኙ ሰርቨሩ ያለበት ዶሜይን ነው፣ ታማኙ የተጠቃሚዎቹ። ስለዚህ በማዕከሉ በኩል «አውትጎይንግ»፣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል «ኢንካሚንግ» ይሆናል። አስቀድሞ በሁለቱም ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ላይ ኮንዲሽናል ፎርዋርደር (የሌላውን ዶሜይን ስም ጥያቄ ወደዚያው ሰርቨር የሚያስተላልፍ ቅንብር) ይግባ። የሁለቱ ዶሜይኖች ኔትባዮስ ስም (አጭሩ የዶሜይን ስም) አንድ ከሆነ ትረስቱ አይፈጠርም፤ ዛሬውኑ ይታይ።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ሁለቱም ቢሮዎች በአንድ የኔትወርክ አድራሻ ክልል፣ በ192.168.1.0 ላይ ከሆኑ ከሁሉ በፊት አንዱ ይቀየር። ሌላው ፋየርዎል ነው፤ ይህ በፕሮፖዛሉ በግልጽ ይጻፍልኝ። የተለመደው ስህተት ፖርቶቹን (አገልግሎቶች የሚያልፉባቸውን ቁጥሮች) በዶሜይን ኮንትሮለሮቹ (የተጠቃሚን ማንነት በሚያረጋግጡት ሰርቨሮች) መካከል ብቻ መክፈት ነው። ትረስቱ ሲፈተሽ ደህና ይመስላል፣ ሠራተኛዋ ግን ፎልደሩን ስትነካ የይለፍ ቃል ይጠይቃታል ወይም ደርቆ ይቀራል። በኬርቤሮስ (ማንነትን በቲኬት የሚያረጋግጥ ዘዴ) አሠራር የራሷ ኮንትሮለር የሚሰጣት ሪፈራል ቲኬት፣ ማለትም ወደ ማዕከሉ ኮንትሮለር የሚመራት ቲኬት፣ ብቻ ነው። የሰርቨሩን ቲኬት ኮምፒውተሯ ራሱ ከማዕከሉ ኮንትሮለር መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ከተጠቃሚዎቹ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል) ወደ ማዕከሉ ኮንትሮለር 88 እና 389 (ቲሲፒም ዩዲፒም)፣ ወደ ፋይል ሰርቨሩ 445 ይከፈት። በኮንትሮለሮቹ መካከል 53፣ 88፣ 135፣ 389፣ 445፣ 464 እና ከ49152 እስከ 65535 ያስፈልጋል።

የደህንነት ባለሙያ፦ በትረስቱ እስማማለሁ፣ ሰሌክቲቭ ኦተንቲኬሽን (በተፈቀዱ ሰርቨሮች ላይ ብቻ መግባትን የሚፈቅድ ምርጫ) ከተመረጠ። ካልተመረጠ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ ማዕከሉ ውስጥ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» ለተባለው የተፈቀደውን ሁሉ ያገኛል። ከተመረጠ ደግሞ በፋይል ሰርቨሩ የኮምፒውተር አካውንት ላይ «አላውድ ቱ ኦተንቲኬት» የሚለው ፈቃድ ለግሩፑ ይሰጥ፤ እሱ ከተረሳ የፎልደሩ ፈቃድ ትክክል ቢሆንም ማንም አይገባም። ሰዎቹ በጽሕፈት ቤቱ ግሎባል ግሩፕ ይሰብሰቡ፤ ያ ግሩፕ በማዕከሉ ዶሜይን ሎካል ግሩፕ ውስጥ ይግባ። የማዕከሉ ግሎባል ግሩፕ ከሌላ ፎረስት አባል አይቀበልም። ኤስአይዲ ፊልተሪንግ (በትረስቱ በኩል የሚመጡ የሐሰት መለያ ቁጥሮችን የሚያግድ ጥበቃ) በምንም ምክንያት አይጥፋ።

የድጋፍ ክፍል፦ ገባኝ፣ የሁለተኛ አካውንቱን ሐሳብ ትቻለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚዛባው ሰዓትስ?

የሲስተም አስተዳዳሪ፦ ጥሩ አነሱ። ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ኬርቤሮስ ቲኬት አይሰጥም። የማዘርቦርድ ባትሪው የደከመ ኮንትሮለር ሲነሳ የድሮ ቀን ይዞ ነው የሚነሳው። የሁለቱም ፎረስት ፒዲሲ (ለሌሎቹ ሰዓት የሚሰጠው ኮንትሮለር) ሰዓቱን ከአንድ ምንጭ ይውሰድ። ሲአር2032 ባትሪና ዩፒኤስ በጀቱ ውስጥ ይግቡልኝ።

አስተባባሪ፦ ይገባሉ። ማዕከሉ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚገባበት ጥያቄ ለብቻው ይቀርባል። የፖርቱን ሰንጠረዥ የኔትወርክ ባለሙያው፣ የግሩፖቹን ዝርዝር የደህንነት ባለሙያው እስከ ዓርብ ይላኩልኝ።