«የደላው ሙቅ ያኝካል»፦ በድሎትና በቅንጦት መካከል

«የደላው ሙቅ ያኝካል» የሚለው ተረት ምን ማለት እንደሆነ ለቀረበው ጥያቄ ቁልፉ ያለው «ያኝካል» በሚለው ግስ ላይ ይመስለኛል። ሙቅ ከገብስ ወይም ከአጃ ዱቄት ቀጠን ተደርጎ የሚሠራ፣ በትኩሱ ፉት የሚባል ነገር ስለሆነ ጥርስ አያሻውም፤ እሱን የሚያኝክ ሰው እንግዲህ ጥጋብም ጊዜም የተረፈው ነው። ተረቱ የሚነቅፈው አበላሉን እንጂ ሙቁን አለመሆኑን ልብ ይሏል። ያው ሙቅ ለአራስ ወይም ከሕመም ላገገመ ሰው ሲቀርብ መጠገኛ ነውና ማንም ቅንጦት አይለውም።

«ድሎት» እና «ቅንጦት» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው። «በድሎት አደገ» ስንል የሰውየውን ኑሮ እንናገራለን፤ «ተቀናጣ» ስንል ግን አቅሙንና ደረጃውን መዝነን እንፈርድበታለን። የቀረበለትን ምግብ የገፋ ልጅ «አትቀናጣ!» ይባላል፤ ያንኑ ምግብ የገፋ የተከበረ እንግዳ ግን «አልተስማማዎትም?» ተብሎ ሌላ ይቀርብለታል። እርግጥ «ደልቶህ ነው!» የሚለውም ተግሣጽ ነው፤ ነቀፋው የሚመጣው ግን ከተናጋሪው ድምፅ ነው፣ «ቅንጦት» ግን ነቀፋውን በራሱ ይዞ ይዞራል።

ጤፍ ይህን ፍርድ ከነመለዋወጡ ያሳያል። በእህል ገበያ ማኛ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል፤ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ በየደረጃቸው ይከተላሉ። ነጭ እንጀራ የጌታ ቤት ምልክት፣ ቀዩ ደግሞ የድኻና የቤት ሠራተኛ ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን «ለደም ይበጃል» ብሎ ቀይ ጤፍ አስመርጦ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ማኛ የማይቸግረው ሰው ነው፤ ድኻው ቀዩን ሲበላ ማጣት የተባለው፣ ባለጸጋው ሲበላው ምርጫን ማወቅ ይባላል። እህሉ አልተለወጠም።

የሕግ ቋንቋም ከዚህ አላመለጠም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቅንጦት ዕቃዎችን ታክስ ለማስከፈል ሲነሣ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ የቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ቴሌቪዥን ይገኙ ነበር። የጋቢና የብርድ ልብስ ክምር በእጇ ለምታጥብ እናት ማሽኑ የወገብ ዕረፍት ነው፤ አጣቢ ቀጥሮ ለሚያሠራ ሰው ግን ትርፍ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ስንጽፍ የዋጋን ነገር ብቻ ለመግለጽ ከፈለግን «ውድ ዕቃ» ማለት ይበቃል። «የተንደላቀቀ» የሚለውም ምቾትን ያለ ወቀሳ ይገልጻል። «ቅንጦት» የምንለው ሰውየው ከሚገባው በላይ ፈለገ ብለን ስናምን ብቻ ቢሆን፣ አንባቢውም «የሚገባውን ማን ወሰነ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።