ጊቤ ከኛ ጋ ይነሳል፣ ኦሞ ላይ ግን የሚወስነው ማነው?

የጅማዋ
ሰላም ለሁላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ለስራ ደቡብ ኦሞ ልወርድ ነው፣ የኛ ጊቤ ወርዶ ኦሞ ወንዝ ወደሚባልበት አገር። እኛ ጅማ ዝናብ ስለማይጠፋ ስለ ውሃ ተጨንቄ አላውቅም፣ አሁን ግን እያነበብኩ ግራ ገባኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ እዛው ዝቅ ብሎ ደግሞ አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ የቱ ነው የሚያሸንፈው? ግጦሹንና ውሃውንስ በተግባር የሚያስተዳድረው ወረዳው ነው ሽማግሌዎቹ?

ኦሞራቴ ነበርኩ
እህቴ በወረቀት መብቱ አለ፣ ግን የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ 456 ደግሞ መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደመሆኑ የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር ይችላል ብሎ ነበር፣ ካርታ የሌለው ግጦሽ በቀላሉ ባዶ መሬት ተብሎ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ውሃው ላይማ ሌላ ነው። በወንዙ ዳር የሚኖሩት ዳሰነቾችና ካሮዎች ድሮ ኦሞ በክረምት ሞልቶ ሲመለስ ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፣ ዝናብ ሳይጠብቁ። 1870 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል እንዲወርድ ሆነ፣ ጎርፉ ቀረ፣ እርሻውም አብሮ ቀረ። በግድቡ እቅድ ላይ ሰው ሰራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር። ደግሞ የሚገርመው ኦሞ የሚገባበት ቱርካና ሐይቅ ይጎድላል ስንባል እሱ ባለፉት ዓመታት ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች አጥለቀለቀ፣ ስለዚህ እዛ ስትደርሺ ጎርፍ ጠፋብን የሚልም ጎርፍ በላን የሚልም ታገኛለሽ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ያቤሎ
ወደኛ ቦረና ብትመጪ መልሱ ሽማግሌዎቹ ነው። ቱላ በምንላቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ላይ ተራ የሚያስይዝ አባ ሄሬጋ አለ፣ የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ተራህን ዘለህ አትገባም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን መንግሥት በፕሮጀክት ኩሬ እየቆፈረ መጣ፣ በቅን ልቦና ነው፣ ነገር ግን ውሃ ስለሌለው ብቻ በበጋ ያርፍ የነበረው ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ ከብት ተለቀቀበት። ቁጥቋጦ የሚገታው ሳር ማቃጠልም ተከለከለ፣ ቁጥቋጦው ሜዳውን ዋጠው። አባቶቻችንን ኩሬው የሚቆፈርበትን ቦታ ብቻ ቢጠይቋቸው ኖሮ።

የጅማዋ
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። አንድ ነገር ብቻ፣ ያ ሰው ሰራሽ ጎርፍ ይለቀቅልን የሚል ሰው የት ነው የሚያመለክተው? ወረዳ?

ኦሞራቴ ነበርኩ
ወረዳው የግድቡን በር አይዝም፣ ግድቡን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤው በዞን በክልል አድርጎ አዲስ አበባ ሲደርስ የመዝሪያው ወር አልፏል። እኔ እዛ ሳለሁ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነበር፣ በሩን የሚከፍተውን ሰው አሳየን ይሉኛል፣ የማሳየው ሰው አልነበረኝም።