የጮቄ ምንጮችና ወንዞች ዳርቻ ደንብ፦ ሦስተኛ ረቂቅ ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ላሉት ወረዳ ምክር ቤቶች የምናስገባው ይኸው። ከምንጭና ከወንዝ ዳር በ30 ሜትር ውስጥ አዲስ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል፣ እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽ እንዳይገባ ቀበሌዎች በመተዳደሪያ ደንባቸው ያጽድቁ ነው የምንለው። ወሰኑ በችካልና በታፔላ ይለያል። ከየወረዳው ያላችሁ አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ጻፉ።

ከስናን፦ 30 ሜትር ከየት ተነሥቶ? ከበጋው ውሃ ጠርዝ ከለካችሁ የጨሞጋ ወንዝ ሐምሌ ላይ ግማሹን ይውጠዋል። ክረምት ውሃው ከሚደርስበት አፋፍ ይለካ። ገጽ 2 ላይ ያለው የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997ም ይውጣ፤ በ1324/2016 ተተክቷል። የተሻረ አዋጅ ይዘን ከገባን ከበር ነው የሚመልሱን።

ከቢቡኝ፦ ታፔላው በባሕር ዛፍ ግንድ ይቆማል ይላል። ባሕር ዛፍ ከምንጭ ይራቅ እያልን ባሕር ዛፍ ምንጭ አፍ ላይ ልናቆም? አገሬው ምን ይለናል?

ገንዘብ ያዥ፦ የደረቀ ግንድ ውሃ አይመጥም። በእጃችን ያለው ለ12 ታፔላ ነው፤ በብረት ይሁን ካላችሁ 4 ይሆናል።

ከቢቡኝ፦ የውሃ ነገር አይደለም የማወራው። ቃላችን ነው።

ከደጀን፦ ብረት በአንድ ክረምት ተነቅሎ የሰው አጥር በር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ግን እርጥቡን እንዳትተክሉ። ቅርፊቱ ተልጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ይቀበር። የሚበሰብሰውም ምስጥ የሚገባበትም አፈርና አየር የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።

ከስናን፦ የተቃጠለ ዘይት ምንጭ አፍ ላይ? ዝናብ ሲያጥበው የት ሊሄድ ነው? ብክለትን የሚከለክለውን አዋጅ 300/1995ን እኮ እኛው ነን የጠቀስነው። በካይ ሆነን ነው በካይ የምንከስ?

ከደጀን፦ ማንን ነው በካይ የምትለው? ምስጥ በላው ብላችሁ ስትመጡ እንዳልሰማ።

ከቢቡኝ፦ ጥድ ይሁንና ይለቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥዱ ከየት ሊቆረጥ? ከቤተ ክርስቲያን ደን? እሱን ከእናንተ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ከስናን፦ «በካይ» ያልኩትን አንሥቻለሁ፣ ይቅርታ። ዘይቱ ግን አይሆንም። የሚቀበረው ጫፍ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር እስኪያልፍ በእሳት ይለብለብ።

ከደጀን፦ ይለብለብ። እንደ ዘይቱ ባይሆንም ይይዛል።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ስለ ግንድ ጻፈ፣ ስለ ረቂቁ አንቀጽ 4፣ ስለ አቤቱታው፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ደንቡ ተጥሶ ቀበሌው ዝም ቢልስ? በ300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው በግሉ ተጎዳ አልተጎዳ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ካለው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አቤቱታው በገባበት ቀን ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት፤ ያለዚያ 30ውም 60ውም ከየት ተነሥቶ ይቆጠራል? ካርታውን እንሠራለን ያላችሁ ሁለታችሁ የት ገባችሁ? ጂፒኤሱ እናንተ ጋ ነው።

ከሁለት እጁ እነሴ፦ የቆመው ባሕር ዛፍስ? ከተቆረጠ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ «አዲስ እንዳይተከል» ብቻ ከተባለ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። ገበሬው ደግሞ ማዳበሪያ የሚገዛው አጣና ሸጦ ነው። 30 ሜትር ብላችሁ ማሳውን ከምትነኩ 15 አድርጉና የቆመው አንዴ ተቆርጦ ጉቶው ይነቀል በሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ 15ም ሆነ 30 የወንዙ ርዝመት ያው ስለሆነ ችካሉ አይቀንስም። ወንዙን ትተን ምንጩን ብቻ እንያዝ። 12 ምንጭ፣ 12 ታፔላ።

ከቢቡኝ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግንዱ ግን ባሕር ዛፍ አይሁን።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ ወጥቷል። ርዕሱ «የ12 ምንጮች ጥበቃ» ተብሏል፤ 15 ሜትር፣ ጉቶ ይነቀላል፣ አንቀጽ 4 እንዳለ። የግንዱ ዓይነት ባዶ ቦታ ነው። ካርታው አልመጣም።

ከስናን፦ ጨሞጋ ወጣ ማለት ነው? የሙጋ ወንዝስ?

ከደጀን፦ የተለበለበ ከሆነ 12ቱንም ግንድ እኔ አቀርባለሁ። ቁመቱን ንገሩኝ።